የወርቅዬ አሻራ

«እናትሽ ራሳቸው መጥተው ይፈርሙ» አለ የንግድ ፈቃድ ሠራተኛው የኔሰው፣ ከወረዳው አራተኛ መስኮት ጀርባ ሆኖ ወረቀቶቿን በሁለት ጣቱ ወደ እሷ እየገፋ። «የቤቱ ውል በእሳቸው ስም ነው። ልጃቸው እዚያ ቤት ውስጥ እንድትሠራ መስማማታቸውን የሚገልጽ ወረቀት እፈልጋለሁ። መፈረም ካልቻሉ አሻራቸው ይበቃል።»

«ሱቄ እኮ ስልኬ ውስጥ ነው» አለች ዮርዲ። «ቤቴ መጥቶ የሚገዛ ሰው የለም። በኢንተርኔት ነው የምሸጠው።»

«ስልክሽ የቤት ቁጥር አለው?»

ዮርዲ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ፈቃድ አድራሻ ይፈልጋል፣ እህቴ። እናትሽ የት ናቸው?»

«ጸበል ነበረች። ዛሬ ትመለሳለች።»

«በጣም ጥሩ። ይዘሻቸው ነይ።»

«እሺ» ብላ ወጣች።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የዮርዲ እናት ወርቅዬ ገብረአምላክ ከሞተች ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆኗታል። ከአዳም ጀምሮ በመንግሥት መስኮት ላይ የተነገሩ ውሸቶች ሁሉ ተሰብስበው ሚዛን ላይ ቢወጡ እንደዚያች «እሺ» የሚከብድ አይገኝም። የሞተች እናቷን ዛሬውኑ ይዛ ልትመጣ ቃል ገብታ፣ አመስግና፣ ወረቀቶቿን ፕላስቲክ አቃፊዋ ውስጥ ከታ በሰልፉ ጎን ወደ በሩ አመራች። ሰልፉ ደግሞ ያን ቀን የዓለም ሕዝብ በሙሉ ነበር፤ የቀረ ካለ ታሞ ነው። ጫፉን ፍለጋ የሄደ ሰው ቡራዩ ደርሶ፣ ምሳውን በልቶ ይመለስ ነበር።

ሰዓቱ አራት ተኩል፣ ቀኑ አርብ።

ቀነ ገደቡን የቆረጠው ወረዳው አልነበረም፤ «ደጃፍ» ነው። ደጃፍ ዮርዲ የምትሰፋቸውን አንቀልባዎች የምትሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ነው። ለሻጮቹ በሙሉ ሦስት ጊዜ መልእክት ልኳል፦ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የፋይዳ መታወቂያውን ያላስገባ ሻጭ ሱቁ ዛሬ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ፋይዳው አላት። መለያ ቁጥሩን ሰኞ ዕለት አውጥታለች። የቀራት ፈቃዱ ነበር። ፈቃዱ አድራሻ ይፈልጋል፤ አድራሻዋ ቤቷ ነው፤ ቤቷ የቀበሌ ቤት ነው፤ የቀበሌው ቤት ውል የወርቅዬ ነው። አየር ጤና ድረስ ሄዳ ለአድራሻ የሚሆን ክፍል ጠይቃለች። ያነጋገረቻቸው አከራዮች ሁሉ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ካልሰጠሽ አሏት፤ የስፌት መኪናዋን ብትሸጥ የሁለቱን ወር አይሞላም።

ሱቁ ደግሞ እንዲህ ዝም ብሎ የሚዘጋ ሱቅ አልነበረም። ከኮልፌ እስከ አስኮ ባለው አገር በዮርዲ አንቀልባ ያልታዘለ ሕፃን የለም፤ ካለም ለመራመድ የቸኮለ ነው። አንቀልባዋ ከወፍራም ሸራ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በቆዳ ተለብጦ፣ ማሰሪያው ትከሻ እንዳይቆርጥ ጥጥ ተጠቅጥቆበት የሚሰፋ ነው። በሬ ቢታዘልበት በሬው እንቅልፍ ይወስደዋል እንጂ ክሩ አይላቀቅም። ስምንት መቶ አሥራ አንድ እናቶች አምስት አምስት ኮከብ ሰጥተዋታል። አንዷ፣ ልጄ ከአንቀልባው አልወርድ ብሎ ወገቤን ጨረሰው ብላ ጽፋ እሷም አምስት ኮከብ ሰጥታለች። ሱቁ ከተዘጋ ኮከቦቹ አብረው ይጠፋሉ። ዮርዲ አባቷ ፍቅረማርያም በልጅነቷ የሞተባት፣ ወንድም እህት የሌላት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላት፣ ከዚያች መኪናና ከዚያ ሱቅ ውጪ የምትበላበት የሌላት ሴት ናት። ያንን ነው አሥራ አንድ ሰዓት የሚወስድባት።

ወርቅዬ በድብቅ አልሞተችም። የእድሩ ጡሩምባ ተነፍቷል፤ ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ሚኒባሶቹ በሌላ በኩል ዞረዋል፤ ለቀስተኛው ከመብዛቱ የተነሳ ወንበር ከሦስት እድር ተውሰው አልበቃም። የሰፈሩ ውሻ እንኳ መሞቷን ያውቃል። ያልሰማ የቀበሌ ቤት መዝገቡ ብቻ ነው። በሠልስቱ ዕለት ዮርዲን ያቀፈ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይልና ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይጨምር ነበር። ለወረዳ እንዳትናገሪ። ውሉ በእሷ ስም ነው፤ ሞተች ካልሽ ቤቱን አሽገው ሜዳ ይጥሉሻል። የታሸገ ቤት በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ የሰማ ግን ኮልፌን ሞልቶ ይተርፋል።

ዮርዲም አልተናገረች። በየወሩ ኪራዩን በእናቷ ስም ትከፍላለች። ቤት ቆጣሪ ሲመጣ፣ መታወቂያ የሚያድስ ሲመጣ፣ ስለ ውኃ የሚጠይቅ ሲመጣ «እናቴ ጸበል ሄዳለች» ትላለች። እንዲህ ሆኖ ወርቅዬ፣ በሕይወት ሳለች ከአየር ጤና ፌርማታ አልፋ የማታውቀው ሴት፣ ከሞተች በኋላ በኢትዮጵያ ምድር ያልረገጠችው ጸበል የለም። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነገር ዮርዲ ላይ ደረሰ። «ሞታለች» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ። ብቻዋን ስትሆን እንኳ አይመጣላትም። መቃብሯ ላይ ቆማ ሻማ ስታበራ፣ የሆነ ቦታ ሩቅ ሄዳ የቀረች ይመስላታል።

ብሩኬ ከወረዳው በር ፊት ለፊት ባለች ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ማመልከቻ ይጽፋል። ሹመቱን ያልሰጡት ረስተው ነው እንጂ ራሱን የወረዳው ምክትል አድርጎ ነው የሚያስበው። ዮርዲ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ፊቷን አይቶ ኮፒውን አቆመ። በግማሽ ድምፅ ነገረችው። እሱም በሙሉ ድምፅ ሊመልስላት ጀመረና ዙሪያውን አይቶ ዝቅ አደረገው። ከዚህ በፊት አረብ አገር ላለ ሰው ፈቃድ እንዳወጣ፣ እስር ቤት ላለ ሰው እንዳወጣ፣ ገና ላልተወለደ ልጅ መሬት ሊያስመራ ትንሽ እንደቀረው ነገራት። ከሦስቱ አንዱም እውነት አልነበረም፤ ግን እንዲህ ባለ ቀን ሰው የሚሰማው እውነቱን ሳይሆን ድፍረቱን ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ ብሩኬ?»

«ሞታለች ብለሽ እንዳትሳሳቺ። ፈቃዱም ይቀራል፣ ቤቱም ይሄዳል። ሌላ እናት አምጪ።»

«ሌላ እናት?»

«የድሮ መታወቂያዋ አለሽ?»

ከአቃፊው አወጣችለት። ላሚኔሽኑ ውስጥ ውኃ ገብቶ የወርቅዬ ፊት ከነጠላው ጋር ተቀላቅሏል። ብሩኬ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየውና ሳቀ።

«ይቺ እኮ ማንም ናት። እኔ ራሴ ነጠላ ብደርብ እኔ ነኝ። በዕድሜ የምትመስል አንዲት እናት ፈልጊ፣ ጣቷን ቀለም ታስነካለች፣ አለቀ። የኔሰው ጥሩ ሰው ነው፣ አሮጊት አያፋጥጥም።»

«ከተያዝኩስ?»

«ከተያዝሽ እኔን አታውቂኝም» አለና መታወቂያውን ኮፒ አድርጎ ሒሳቡን ተቀበላት።

እማማ ዘይነባ በግቢው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብለው ለጁምዓ ውዱእ ሲያደርጉ ነበር ዮርዲ የደረሰችው። ከወርቅዬ ጋር አርባ ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖረዋል። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ የአንዷ ሳል ሌላዋን ይቀሰቅሳታል፤ ሁለቱ ሲኳረፉ እንኳ በግድግዳው በኩል «እንዴት አደርሽ» ይባባሉ ነበር።

«እማማ ዘይነባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። እምቢ ቢሉኝም አልቀየምም።»

«ገንዘብ ከሆነ የለኝም። ሌላ ከሆነ ያለቀ ነው።»

ነገረቻቸው። ደጃፍን፣ አሥራ አንድ ሰዓቱን፣ መስኮቱን፣ «እሺ» ያለችውን፣ ብሩኬን። እማማ ዘይነባ ቧንቧውን ሳይዘጉ ሰሟት፤ ውኃው ከክርናቸው እየተንጠባጠበ መሬቱን አራሰው።

«ወርቅዬን ሁኚ ነው የምትዪኝ?»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ።»

«እሷ እኮ ቀጭን ነበረች።»

«ፎቶው ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ እሱም ጠፍቷል።»

እማማ ዘይነባ ቧንቧውን ዘጉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቀልድ ለአፍታ ወረደ። «ቤቱን ቢወስዱብሽ የት ትሄጃለሽ?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። «ጁምዓዬን ሰግጄ ልምጣ። ሰግዶ መዋሸት ይሻላል ወይስ ዋሽቶ መስገድ የሚለውን ሼኹን ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ፤ ግን ይነቁብናል።»

እሳቸው እስኪመለሱ ዮርዲ የእናቷን ሳጥን ከፈተች። ከተዘጋ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ነው። ነጠላው ከላይ ነበር፣ የብል መድኃኒት ይሸታል፤ ከሥሩ ግን የወርቅዬ የፀጉር ቅባት ሽታ አለ። ነጠላውን አውጥታ ቶሎ ብላ ክዳኑን ዘጋችው፤ ሽታው እንዲቀርላት ይሁን እንዲሸሻት አታውቅም። ስልኳ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ይንጫጫል። አንዲት ከአስኮ የጻፈች እናት፣ መንታ ወልጃለሁ፣ ሁለት አንቀልባ ሰኞ ይደርስልኛል ወይ ብላ ጠይቃለች። ዮርዲ «ይደርሳል» ብላ ጻፈች፣ አጠፋችው፤ እንደገና ጻፈች፣ እንደገና አጠፋችው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እማማ ዘይነባ መጡ። ሒጃባቸውን አወለቁ፤ ዮርዲ ነጠላውን አለበሰቻቸውና ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከኋላ ሲታዩ ወርቅዬ ነበሩ። ያ ትንሽ ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ ያ የነጠላው ጫፍ በግራ ክንድ ላይ የሚጣልበት አኳኋን፤ ሰው አርባ ዓመት አጠገቡ ያየውን ሳያውቀው ይወርሳል። ዮርዲ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«ምነው?» አሉ ዞር ብለው።

«ምንም። ማተብ ላምጣ?»

«ማተብ አላስርም። ውሸትም ድንበር አለው።»

ባጃጁ ውስጥ ዮርዲ አለማመደቻቸው። ስምዎ ማነው፣ ወርቅዬ ገብረአምላክ። ልጅዎ ማን ትባላለች፣ ዮርዳኖስ ፍቅረማርያም። የት ነበሩ፣ ጸበል። እማማ ዘይነባ ሁሉንም ሸመደዱ፣ ከሚገባው በላይም ሸመደዱ። እሳቸው አንድ ጊዜ የጀመሩትን ወሬ ቀንድና ጅራት ሳይጨምሩ የማይለቁ ሴት ናቸው። በሰፈሩ የተሰረቀ አንድ ዶሮ በእሳቸው አፍ ሲያልፍ መንጋ ሆኖ ይወጣል።

«ቢያስሩንስ?» አለች ዮርዲ፣ ከባጃጁ ሲወርዱ።

«እኔን? ስኳሬን፣ ደም ግፊቴን፣ ጉልበቴን ሲያዩ እስር ቤቱ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ይመልሰኛል። የምታሳዝኚኝ አንቺ ነሽ።»

ሰልፉ ከጠዋቱ ብሶበት ነበር። ከፊታቸው የቆመው ሰውዬ ጢሙን ተላጭቶ የመጣ ይመስላል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ጢም አብቅሎ ነበር። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ዮርዲ በየአምስት ደቂቃው ስልኳን ታወጣለች። ደጃፍ ቆጠራ ጀምሯል፦ ሁለት ሰዓት ቀርቷል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል። አንድ ጊዜ «እንመለስ» ልትል አፏን ከፈተች፤ እማማ ዘይነባ ግን ከኋላቸው ላለች ሴት ስለ ጸበሉ ማውራት ጀምረው ነበር፣ መመለሻም አልነበረም።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ተራቸው ደረሰ። የኔሰው ቀና ሲል አሮጊቷን አየና ብድግ አለ። በጎን በኩል ያለውን በር ከፍቶ ወደ ውስጥ አስገባቸው፤ የራሱን ወንበር ጎትቶ አስቀመጣቸው። ዮርዲ አጠገባቸው ቆመች። እንዲያመናጭቃቸው፣ እንዲጠራጠር ተዘጋጅታ ነበር። ለወንበር አልተዘጋጀችም።

«ስምዎት፣ እማማ?»

«ወርቅዬ ገብረአምላክ።»

መታወቂያውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ጻፈ። የቀለሙን ሳጥን ከፈተ። እጃቸውን በቀስታ ይዞ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊው ቀለም ላይ አስደገፈው፤ ወረቀቱን ሊያቀርብ ሲል ግን ቆመ።

«ጸበሉ አሻለዎት?» አለ።

«መሻል?» አሉ እማማ ዘይነባ። «ሞቼ ነው የተነሳሁት ልበልህ።»

«ምን ነበር ያመመዎት?»

ይህን ዮርዲ አላለማመደቻቸውም። እማማ ዘይነባ ግን መልስ አጥተው አያውቁም። «ሆዴ» አሉ። «እዚህ ጋ የሆነ ነገር፣ የፓፓያ ያህል። ሐኪሞቹ ካልቀደድን ብለው ቢላዋቸውን ስለው ጨርሰው ነበር። ውኃው አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ በሦስተኛው ቀን ፓፓያው ሎሚ ሆነ። በሰባተኛው ጠፋ። ሐኪሞቹ ራሳቸው አለቀሱ።»

የኔሰው ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«የኔንም እናት ያመማት እሱው ነው» አለ። ድምፁ የመስኮት ድምፅ አልነበረም። «ሐኪም ቤት ናት። ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው፤ ቶሎ ከተወገደ ትድናለች ብለውናል። እሷ ግን ቢላዋ አልነካም፣ ጸበል ውሰደኝ እያለች ታለቅስብኛለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳግባባት ከረምኩ።» ከወረቀቱ ክምር ላይ ቁራጭ ወረቀት ሳበ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ። «የት ነው ጸበሉ፣ እማማ? ነገ ቅዳሜ ነው፣ አስወጥቼ ልወስዳት እችላለሁ።»

እማማ ዘይነባ አፋቸውን ከፈቱ። ምናልባት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፋቸው ምንም አልወጣም። አንገታቸውን ወደ ዮርዲ አዞሩ። ሰማያዊው አውራ ጣት ከወረቀቱ በላይ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ከፍታ ላይ ተንጠልጥሏል።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ይላል። ጣቱ ወርዶ፣ ማኅተሙ ተመቶ፣ ፈቃዱ ታትሞ፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ለመላክ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የሆነ ቦታ ስም መጥራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሰውዬው ጉዳይ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ እናቱም የሱ ናት። ዮርዲ ይህን ሁሉ አሰበች። ደግሞ እናቷን አሰበች። የመጨረሻውን ሳምንት ወርቅዬም ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ ነበር፤ ዮርዲ እሺ አለቻት፣ አዘነችላት፣ ሰኞ እንሄዳለን እየተባለ ሰኞው ሳይደርስ ቀረ። ያን «እሺ»ዋን ለማንም ነግራ አታውቅም።

«እናትዎን ከሐኪም ቤት አያውጧት» አለች።

የኔሰው ቀና አለ።

«ጸበሉ ሐሰት አይደለም። ሄደች የተባለው ነው ሐሰት። እናቴ ጸበል አልሄደችም።» ከአፏ ጠፍቶ የነበረው ቃል ወጣ። «እናቴ ሞታለች። ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሦስት ዓመት አልፏታል። እሳቸው ጎረቤቴ ናቸው፤ ለምኜያቸው ነው የመጡት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከመስኮቱ ውጪ ያለው ሰልፍ እንኳ፣ ያ ሁሉ የዓለም ሕዝብ፣ ትንፋሹን የያዘ መሰለ። የኔሰው ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ።

«ይሄ እንደሚያስከስስ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እርስዎስ?»

«ዘይነባ እባላለሁ» አሉ እማማ ዘይነባ፣ ወደ ወለሉ እያዩ። «ፓፓያውንም ሎሚውንም ከራሴ ነው ያመጣሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እናትህን አሳክመህ ይማርልህ።»

የስምምነት ቅጹን አነሳ። ለሁለት ቀደደው፣ ለአራት ቀደደው፣ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ጸበሉን ሊጽፍበት የነበረው ቁራጭ ወረቀት ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ሰኞ ነው ያሉን» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያም የቀለሙን ሳጥን ከደነና ሳያያቸው ተናገረ። «ሰባተኛ መስኮት ሞት የሚመዘገብበት ነው። አሥራ አንድ ላይ ይዘጋሉ።»

«ቤቱስ?» አለች ዮርዲ።

«እሱን እኔ አላውቅም። የቤቶች ክፍል ሰዎች ናቸው የሚያውቁት።»

«ፈቃዱስ?»

«ውሉ በስምሽ ሲሆን ነይ። ከሆነ።»

ኮሪደሩ ላይ እማማ ዘይነባ ክንዷን ያዟት። ሁለት መንገድ ነበር። በግራ በኩል የግቢው በር ክፍት ነው፤ ከበሩ ማዶ ብሩኬ ጃንጥላውን እያጠፈ ይታያል። ወጥታ ብትሄድ ማንም አይከተላትም፤ የኔሰው መናገር ቢፈልግ ኖሮ እስካሁን ይጣራ ነበር። ሱቁ ይዘጋል፤ ቤቱ ግን ቢያንስ ለዛሬ፣ ቢያንስ ለዚህ ወር በመዝገቡ ላይ ይቆያል። ወርቅዬም ጸበል ላይ ትቆያለች። በቀኝ በኩል ሰባተኛው መስኮት ነው፤ ፊቱ ሰልፍ የለበትም።

ዮርዲ ወደ ቀኝ ታጠፈች።

መስኮቱ ጋ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ነበር። ዛሬ አልፏል፣ ሰኞ ኑ አለች። ዮርዲ ሰኞ አልመጣም አለቻት፤ ሰኞ ከሆነ ድፍረቱ አይኖረኝም። ሴትየዋ አየቻት፣ ቦርሳዋን አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ አንድ ቅጽ አወጣች።

«ምስክር አለሽ?»

ዮርዲ ሳትመልስ እማማ ዘይነባ ሰማያዊ አውራ ጣታቸውን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾልከው አስገብተው ነበር።

«ቀለሙ አልደረቀም» አሉ። «ያጠብኳት እኔ ነበርኩ፣ ያስገነዝኳትም እኔ ነበርኩ፤ የምጨምረው የለኝም። ስሜን ብቻ የኔን ጻፊው።»

ከዚያም ነጠላውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አጥፈው፣ ለዮርዲ ሰጧት። ዮርዲ በብብቷ ያዘችውና እስክሪብቶውን አነሳች። የሟች ሙሉ ስም። ጻፈች። የሞቱበት ቀን። ጻፈች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ አንድ ጊዜ ረጅም ንዝረት ነዘረ። ሰዓቱን አላየችም፤ ማየትም አላስፈለጋትም፤ የዚያን ንዝረት ትርጉም ከኮልፌ እስከ አስኮ ያለ አንቀልባ ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀጣዩ መስመር የሞቱበት ቦታ ይል ነበር።

«ሐኪም ቤት ነው፣ ጸበል ነው፣ የት ነው?» አለች ሴትየዋ፣ ልታግዛት ፈልጋ።

«ቤቷ» አለች ዮርዲ፣ የቤት ቁጥሩንም ሳታጎድል ጻፈችው።